ትናንት የሌለው መጽሐፍ

እኅቴ እንግሊዝኛ ልማር ብላ ስትነሳ ሁለታችንም ከቋንቋው አንዲት ቃል አናውቅም ነበር። እኔ ሰቆጣ ገበያው ዳር የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እሠራለሁ። እሷ ክሊኒኩ ውስጥ ትጠርጋለች፣ መርፌ ትቀቅላለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ታስተረጉማለች። ከገጠር የሚመጣው በሽተኛ አብዛኛው የሚናገረው አገውኛ ነው፣ ዛሬ ኽምጣና የምንለውን። በሽተኛ የሚያየውና መድኃኒት የሚሰጠው ድሬሰር የደሴ ሰው ስለሆነ ከአማርኛ ሌላ አይሰማም። እሷ በመካከላቸው ቆማ የአንዱን ለሌላው ስታቀብል ትውላለች። ለዚህ ሥራ የተቀጠረች አልነበረችም፤ መጥረጊያዋን እንደያዘች ነው የምታስተረጉመው።

እናታችን ስትሞት ቤት የሚይዝ ሰው ስለጠፋ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሊጀመርላቸው ሲል ነበር ያቋረጠችው። ይህ ነገር ሆዷ ውስጥ ቀርቷል።

"ወንድምዬ፣ ብልቃጡን በየቀኑ አብሳለሁ፤ ላዩ ላይ ያለውን ግን አላውቀውም" አለችኝ አንድ ቀን። "መድኃኒት ይሁን መርዝ የማውቀው ድሬሰሩ ሲነግረኝ ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"መጽሐፍ ፈልግልኝ። የሚያስጀምር።"

በሰቆጣ መጽሐፍ የሚገኘው ከአንድ ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ከኮረም በአጋሰስ ጨርቅና ሳሙና የሚያስመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። አብረን ሄድን።

"ሐጂ፣ እንግሊዝኛ የሚያስጀምር መጽሐፍ አለዎት?" አልኳቸው።

ከጨርቁ ጥቅል ጀርባ ሁለት አወጡ። አንዱ ወፍራም፣ ጥቁር ልባስ ያለው፣ ጽሑፉ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው። ሌላው ቀጭን፣ በሥዕል የተሞላ፣ ከእንግሊዝኛው ሥር አማርኛው የተጻፈበት።

"የትኛው ይሻላል?" አለች እኅቴ።

"እኔ ምኑን አውቄው ልጄ? እኔ የምሸጠው ነው እንጂ የማነበው አይደለም" ብለው ሳቁ። ከዚያ አሰብ አድርገው፣ "ዓረብኛን ስጀምር ትልቁን መጽሐፍ አምጥተው ሰጡኝ፤ ዓመት ሙሉ መጀመሪያው ገጽ ላይ ተኝቼ ቀረሁ። እኔ ብሆን የምጨርሰውን ነው የምወስደው" አሏት።

ሁለቱንም ይዛ ለአስተማሪ እንድታሳይ ፈቀዱላት። የትምህርት ቤቱ መምህር ገለጥ ገለጥ አድርጎ አያቸውና ወፍራሙን ወደ እሷ ገፋው። "ቀጭኑ መጥፎ አይደለም፤ ግን ከዳር ከዳሩ ነው የሚነካካው። ይኼን የጨረሰ ሌላ አያስፈልገውም" አላት።

ከትምህርት ቤት ወደ እኔ ዘንድ ተመልሳ ሁለቱንም መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። የምሰፋውን ሱሪ ገፋ አድርጌ ቦታ ለቀቅሁላት። የማታውቀውን ነገር ከሁለት ምረጥ ቢሉት ሰው ምን ይዞ ይመርጣል? ልባሱን ትነካካለች፣ ወረቀቱን ታሸታለች፣ አንዱን ዘግታ ሌላውን ትከፍታለች። በመጨረሻ ሁለቱንም እኩሌታቸው ላይ ገለጠች። ወፍራሙ መጽሐፍ የሚያስረዳው በአማርኛ ነው፤ ነገር ግን ግስ፣ መስተዋድድ፣ ተውላጠ ስም እያለ ይቀጥላል።

"ይኼ እንግሊዝኛውን ከማስተማሩ በፊት አማርኛውን የሚያስተምር ሌላ መጽሐፍ ይፈልጋል" አለች። ቀጭኑ ላይ አንድ ሰውዬ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። "ይኼኛው ግን ያናግረኛል።"

ቀጭኑን ወሰድን። ወፍራሙን ለሐጂ መለስን።

ያ ዓመት መልካም ነበር ማለት እችላለሁ። ከሥራ ስትወጣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጮክ ብላ ታነባለች፤ መኪናዬ ሲንኳኳ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ሰውየው ወደ ገበያ ይሄዳል። ሴትዮዋ ዳቦ ትገዛለች። ውሻው ይሮጣል። አንድ ገጽ ላይ ሰው ተኝቶ የሚታጠብበት ትልቅ ነጭ ገንዳ ነበር። "ይኼን ሁሉ ውኃ ማን ቀድቶላቸው ነው?" ብላ እስኪያስለቅሳት ሳቀች። መጽሐፉን ጨረሰችው። ክሊኒኩ ውስጥም ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች፤ ድሬሰሩ ራሱ "አንቺ ልጅ እኮ ጉድ ነሽ" ይላት ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በሁለተኛውም ዓመት ቀረ። በመጀመሪያ ለገበያ የሚመጣው ፍየል በዛ፤ ቀጥሎ የሚገዛው ጠፋ፤ ቀጥሎ ፍየሉም ጠፋ። ከእኛው አካባቢ ዝቋላና ከቆላው ሰዉ ቤቱን እየዘጋ ወደ ሰቆጣ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ ገበያው ሜዳ ላይ፣ የእኔም ሱቅ በረንዳ ላይ ሰው ተኛ። ልብስ የሚያሰፋ ስላልነበረ፣ ቤተሰብ አቡጀዲ ሲያመጣልኝ መግነዝ እሰፋ ነበር።

በዚያ ጊዜ ነው ፈረንጆቹ እህልና መድኃኒት ይዘው የመጡት። ከእነሱ ጋር አንዲት ሴት ሐኪም ነበረች። ከአዲስ አበባ የመጣ አስተርጓሚ ቢኖራቸውም እሱ አገውኛ አይሰማም፤ አብዛኛውንም ቀን የሚውለው እህል ማከፋፈያው ጋ ነው። ሐኪሟ እኅቴ ጥቂት እንግሊዝኛ እንደምትችል ስትሰማ ከአጠገቤ አትለይ አለች። እኅቴ በዚያ ቀጭን መጽሐፍ ቋንቋ የሕዝቡን ችግር ተሸክማ ገባች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጥታ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን ሆንሽ?"

"የዝቋላ ሴት ናት" አለች። "'ልጆቼ መንገድ ላይ ሞቱብኝ' አለችኝ። እኔ ለሐኪሟ 'ልጆቿ መንገድ ላይ ይሞታሉ' አልኳት። ሌላ አላውቅማ! ሐኪሟ ቦርሳዋን ይዛ ብድግ አለች። 'የት?' አለችኝ። በእጄ ወደ መንገዱ ጠቆምኳት፤ መሮጥ ጀመረች።"

"ከዚያስ?"

"እናትየዋ አየቻት። ፈረንጅ ቦርሳ ይዛ ወደ ልጆቿ ስትሮጥ አየች። ተነስታ ተከተለቻት። መቆም የማትችል ሴት ሮጠች፣ ወንድምዬ። ምን ተስፋ እንዳደረገች እንጃ። ጠርቼ ላስቆማቸው አልቻልኩም፤ ለአንደኛዋ የምለው ቃል የለኝ፣ ለሌላዋ ምን ብዬ ልንገራት? አብሬ ሄድኩ። የድንጋይ ክምር ነው ያለው። ሁለት ትንንሽ። ሐኪሟ ድንጋዩን አየች፣ እኔን አየችኝ። እናትየዋ ከክምሩ ላይ ተደፋች።"

የያዝኩትን መግነዝ አስቀምጬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። "መጽሐፌ ትናንት የለውም" አለች። "ሁሉም ዛሬ ነው። ይሄዳል፣ ይገዛል፣ ይበላል። ሄደ፣ ነበረ፣ ሞተ የሚል የለበትም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ያላቸው ሁሉ ትናንት ነው።"

ያኔውኑ ወደ ሐጂ ሄድኩ። ወፍራሙ መጽሐፍ አቧራ ለብሶ እዚያው ነበር። የሆነውን ስነግራቸው መጽሐፉን በጋቢያቸው ጫፍ ጠራርገው ሰጡኝ። "እኔ ነኝ ያንን የመከርኳት" አሉ።

"እርስዎ ምን አደረጉ? ወዳ የመረጠችው ነው" አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ብልቃጥ ለማንበብ ለምትፈልግ ልጅ ያ መጽሐፍ መልካም መጽሐፍ ነበር። ይህን ሁሉ ያነጋግርልኛል ብሎ የገዛው ሰው የለም።

መጽሐፉን ወስጄ ሰጠኋት። በሽተኛ ጋብ ሲልላት ታነባለች፣ ስትበላም ታነባለች። መስተዋድድ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ የምትፈልገውን ብቻ እየፈለገች አወጣች፦ ሞተ፣ ቀበርን፣ ሸጥን፣ ጥለን መጣን። በአፏ እየደጋገመች በግቢው ስትመላለስ አያታለሁ። ከዚያ በኋላ በሐኪሟና በበሽተኛው መካከል ስህተት እንደተፈጠረ አልሰማሁም።

ብዙ አልቆየችም፤ ከተፈናቃዩ መካከል ተስቦ ገብቶ ነበርና ያዛት። ክሊኒኩ ጥግ ሸራ ከልለው አስተኟት። ትኩሳቱ ሲጸናባት ማውራት ጀመረች፤ በአማርኛ አይደለም፣ በአፍ መፍቻችን በአገውኛም አይደለም፣ በእንግሊዝኛ። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣታለሁ፤ የገዛ እኅቴ ናት፣ አንድ ቃል አይገባኝም። ሐኪሟ እጇን ይዛ ታለቅሳለች።

የአዲስ አበባውን አስተርጓሚ ለምኜ አመጣሁት። "እባክህ፣ ምን ፈልጋ ነው? ውኃ ነው? እኔን ነው የምትጠራው?"

ጎንበስ ብሎ አዳመጣት። ቀና ሲል ዓይኔን ማየት አልቻለም።

"ስለራሷ አይደለም የምታወራው" አለኝ። "'በሬዬ ሞተ' ትላለች። 'ባሌን ቀበርነው፣ ቤቴን ጥዬ መጣሁ' ትላለች። እያስተረጎመች ነው።"

ባል አልነበራትም። በሬም አልነበረንም።

ጎህ ሲቀድ አረፈች። አቡጀዲውን ሐጂ አመጡ፤ መግነዙን እኔ ሰፋሁት። ሌላ ሰው ይስፋው ቢሉኝ እምቢ አልኩ።

ከቀብር በኋላ መኪናዬን ሸፍኜ ጠዋት ጠዋት ክሊኒክ መሄድ ጀመርኩ። የአገውኛውን ወደ አማርኛ እኔ አመጣለሁ፣ አስተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ ያሻግራል። ነገር ረጅም መንገድ ይዞር ነበር፤ በሽተኛው መልስ እስኪያገኝ ሲጠብቅ ሳይ ያመኛል። ሰዎቹ "ያቺ ልጅ የት ሄደች?" ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ፤ የራሳቸውን ሐዘን ትተው ለእኔ ያለቅሳሉ።

በመጨረሻ ዝናቡ መጣ። መነሳት የቻለው ዘር ተቀብሎ ወደ ቀዬው ተመለሰ። ፈረንጆቹም ዕቃቸውን ጫኑ። አስተርጓሚው በቀደመው መኪና ሄዶ ነበር። ሐኪሟ ልትሳፈር ስትል እኔ ወደ ቆምኩበት መጣች። እጄን በሁለት እጇ ያዘችና ረጋ ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ረጅም ነገር ነገረችኝ። መሃል ላይ የእኅቴን ስም ጠራች። የቀረውን የሚነግረኝ ሰው በአካባቢው አልነበረም።

"እሺ" አልኳት በአማርኛ።

ራሷን ነቅንቃ ተሳፈረች። ምን እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።