የኢስሀቅ ልጆች በሙሉ

ምስራ ኮምፒውተር የተማረችው አብነት ሰፈር፣ ከአክስቷ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ ጀርባ ተቀምጣ፣ በጎረቤት ዋይፋይ ቪዲዮ እያየች ነው። ጎጃም በረንዳ አጠገብ ያለ ጨርቃ ጨርቅ አስመጪ ድርጅት በኮምፒውተር ሠራተኝነት ለሙከራ ሲቀጥራት እናቷ አጋንና «ልጄ ባንክ ገባች» ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው። ሙከራው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ቅዳሜ ባለቤቱ ሐጂ ጀማለዲን አስጠሯት። ሸሪካቸው ኢስሀቅ እዚሁ ይሠሩ የነበሩ ሦስት ልጆቹን ይዞ ወጥቶ የራሱን ሱቅ ከፍቷል። ሐጂ የልጆቹ ስም በኢሜይሉ የሠራተኞች ማውጫ ላይ እንዳይታይ ፈለጉ።

«በዝምታ» አሏት። «መርካቶ ወሬ ከሰማ፣ ያንቺም ሥራ አለቀለት።»

ሦስት ስም በእጅ መደበቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ምስራን ግን መራቀቅ አማራት። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ አንድ ፈረንጅ በቪዲዮ ያሳየውን ትእዛዝ ገለበጠች። ፈረንጅ የቤተሰቡን ሰው በመጨረሻ ስሙ ስለሚሰበስብ፣ እሷም በመጨረሻው ስም ቦታ «ኢስሀቅ» ብላ ሞላች፤ ቁልፉን ነካች፤ ውጤቱን ሳታይ ሰርግ አለብኝ ብላ ሮጠች።

ሰኞ ጠዋት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የሒሳብ ክፍሏ ሀፍሷ ደወለች።

«ስሚ አንቺ፣ እኔ ማውጫው ላይ የለሁም። ሐጂም የሉም! ድርጅቱ ተሸጠ እንዴ?»

«ኧረ የምን መሸጥ!»

«ባይነሽ እኮ ቻይና ገዛው እያለች ነው።»

ባይነሽ የስልክ ኦፕሬተሯ ናት፤ እሷ የያዘችው ወሬ ከሬዲዮ ይቀድማል።

ምስራ መስኮቱን ከፈተች። ሦስት ሳይሆን ዐሥራ አንድ ሰው ተደብቋል። የአባቱ ስም ኢስሀቅ የሆነ ሁሉ ተጠራርጎ ሄዷል፤ ሀፍሷ ኢስሀቅ፣ የመጋዘኑ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጀማለዲን ኢስሀቅ። ስንት ዘመን «ሐጂ» ሲባሉ የአባታቸውን ስም ማን አስታወሰው!

ያልታሰቡትን ስምንቱን ወዲያው መለሰች። ግን የየሰው ኮምፒውተር የሚያሳየው የማውጫውን ቅጂ ነው፤ ቅጂው እስኪታደስ ደግሞ እስከ ነገ ሊቆይ ይችላል። እስከ ነገ ባይነሽ ድርጅቱን ሦስቴ ትሸጠዋለች።

ወሬው ሳይቀድማት ደረጃውን ወጣች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ተሸካሚ ጣቃ ጨርቁ ትከሻው ላይ እንዳለ አስቆማት። «እህቴ፣ ቻይናዎቹ እኛንም ያስቀጥሉናል?» አልፋው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወዳለው የሐጂ ቢሮ ገባች።

ሐጂ ስልክ ይዘው ቆመዋል። «በርበሬ በረንዳ ድረስ ሸጥክ ወይ እያሉኝ ነው» አሉ ዝግ ብለው። አለመጮሃቸው ይብሳል። «ማነው ይሄን ወሬ ያነሳው?»

የባይነሽ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጠችው።

«እኔ ነኝ ሐጂ። የኢስሀቅን ልጆች ስደብቅ እርስዎንም ደበቅሁ። የአባትዎ ስም… አላወቅሁም ነበር።»

ሐጂ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«አባቴ ይሄን ሱቅ በአንድ ጣቃ አቡጀዲ ነው የጀመረው» አሉ። «አንቺ በአንድ ቁልፍ ዘጋሽው።»

«ይቅርታ ሐጂ።»

«ውረጂና በየክፍሉ በአፍሽ ንገሪ፤ አልተሸጠም፣ ጥፋቱ የኔ ነው በይ። ባይነሽ ጋ ጀምሪ። ሙከራሽ ላይ ሦስት ወር ጨምሬያለሁ።»

ምስራ መቀጠሯ ይሁን መቀጣቷ ሳይገባት፣ ባይነሽ ወዳለችበት ወረደች።