ሊቀመንበሩና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጎህ ሲቀድ የጋሽ በየነ ታክሲ አፓርታማችን በር ላይ ክላክስ አደረገ። ጋሽ በየነ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሊቀመንበር ናቸው። ዛሬ ከሰዓት አሌክሳንድሪያ ውስጥ ምርጫ አለ። ምርጫችን ሥርዓት አለው። ጋሽ በየነ ይነሡና "ደክሞኛል፣ አውርዱኝ" ይላሉ። ሽማግሌዎች "በማን ልንተካዎት!" ብለው ይለምኗቸዋል። እሳቸው ደጋግመው እምቢ ይላሉ፤ በመጨረሻ የሕዝብን ድምፅ አክብረው ይቀመጣሉ።

ዘንድሮ ግን ወጣቶቹ ማጉረምረም ስለጀመሩ ነገሩን ማሳመር አስፈለገ። ኮሌጅ ገብቼ የአሜሪካ ታሪክ የጀመርኩት እኔ ስለ መጀመሪያው ፕሬዚዳንት ንግግር እንድጽፍላቸው ተጠየቅሁ። ዕውቀቴ የአንድ ሴሚስተር እንኳ አይሞላም፤ ለእድራችን ግን ሊቅ ነኝ። "ሰውየው የኖረበትን ቤት ሳታዪ ምን ትጽፊያለሽ?" አሉ ጋሽ በየነ፤ ይኸው ጉዞ ጀመርን።

ረፋድ፣ ቤልትዌይ

ቀለበት መንገዱ ቅዳሜ መሆኑን አልሰማም፤ እንደ ሰኞ ተጨናንቋል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከፊት ተቀምጠው ቆሎ ያድሉናል። ስልኩ በየደቂቃው ይጮኻል።

"ሊቀመንበሩ ነኝ!" ይላሉ ጋሽ በየነ። እንዲህ ሳይሉ ስልክ አንሥተው አያውቁም። የግሪንቤልት ሰው የለቅሶ ወንበር ፈልጎ ነው፤ የቤልትስቪሏ ሴትዮ ጎረቤቷን ልትከስ ነው።

"እኔንም በስልክ ባገባኝ ይሻለኝ ነበር" አሉ እትዬ አስካለ።

"አንቺ ዝም በይ። እኔ ብተወው ይሄ ሕዝብ ማን አለው?"

"ሞክረውና እንየው።"

እኔ ከኋላ ሆኜ የፕሬዚዳንቱን ታሪክ አነብላቸዋለሁ፦ በወጣትነቱ መሬት ቀያሽ ነበር።

"እኔም መንገድ አውቃለሁ፤ ጻፊው።"

ጦር መርቶ እንግሊዝን አሸነፈ።

"እኔም የስብሰባ አዳራሻችንን አከራይ አሸንፌያለሁ። ጻፊው።"

ጻፍኩት።

እኩለ ቀን፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር

ቤቱ ነጭ ነው፤ ጣሪያው ቀይ፣ በረንዳው ወንዙን ያያል። ግቢው ውስጥ የሚሸጠው የሎሚ ጭማቂ ውድ ነው፤ ስኳሩ ግን አልተቆጠበበትም። ስለ ነፃነት ብዙ ሲባልለት የኖረው ጌታ በባርነት የያዛቸው ሰዎች የተኙበትንም ክፍል አየን። በጠባብ ክፍል ተደራርበው ነበር የሚተኙት።

ጋሽ በየነ ሻርፓቸውን አስተካክለው "ይሄን አትጻፊው፤ ስብሰባው ደስ እንዲል ነው" አሉ። ከጻፍኩት ውስጥ ይህን ብቻ ሰረዝኩ። ታላቅነት ብዙ ስርዝ ይፈልጋል መሰለኝ።

አስጎብኚዋ ሴት ፕሬዚዳንቱ ሁለት ዘመን ገዝቶ ለሦስተኛ እንዲቆይ ቢለመን እምቢ ብሎ ወደዚህ እርሻ እንደተመለሰ ነገረችን። ተረጎምኩላቸው። ፊታቸው በራ።

"ለመኑት?"

"አዎ፣ ግን ትቶ ሄደ።"

"መለመኑን አጉይልኝ!"

አጎላሁት፤ መሄዱንም እንዲሁ። እኔ ሥራዬን በግማሽ አልሠራም።

ከሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ

የኪራይ አዳራሹ ሞልቷል። ጋሽ በየነ ንግግሩን ድምፃቸውን እያንቀጠቀጡ አነበቡ። "ታላቅ መሪ ሕዝቡ እየለመነው የሚሄድ ነው" የሚለው ቦታ ሲደርሱ ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። "እኔም እንደዚያ ሰው ደክሞኛልና አውርዱኝ" ብለው ተቀመጡና ጠበቁ።

ልመናውን ሁልጊዜ የሚጀምሩት አባ ውቤ ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ወገኖቼ፣ እንደ ወትሮው ልለምነው ነበር" አሉ። "ነገር ግን ብንለምነውና ቢቀር ከታላቆቹ ተራ እናወጣዋለን። እኛ ነን በየነን የምናሳንሰው? በክብር ይሂድ!"

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ጋሽ በየነ እምቢ ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ እምቢ የሚሉት ነገር አልነበረም። አንድ ወጣት ፋርማሲስት በጭብጨባ ተመረጠ። ንግግሩን ማን እንደጻፈው ሰው ሁሉ ጠየቀ፤ እኔ ወንበር ለማንሣት ቸኮልኩ።

አመሻሽ፣ ወደ ቤት

የፖቶማክን ድልድይ ተሻገርን። ስልኩ አንዴም አልጮኸም። ጋሽ በየነ አንሥተው ቻርጁን አዩ፤ ሙሉ ነው። መልሰው አስቀመጡት።

"ሰውየው ቤቱ ገብቶ ምን ሠራ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"እርሻውን ያይ ነበር ጋሼ። ውስኪም ያስጠምቅ ነበር።"

"እሱማ እርሻ ነበረው።"

እትዬ አስካለ ቆሎውን ዘረጉላቸው። "ባልኮኒ አለን። ቃሪያ ትተክላለህ።"

ሲልቨር ስፕሪንግ አወረዱኝ። ደረጃውን ወጥቼ በመስኮት ሳይ ታክሲው አልሄደም፤ ከመሪው ጀርባ የስልክ ብርሃን ይታያል። እኔ ሰው ማስደሰት ልማዴ ነው፤ ደወልኩላቸው።

ገና ሳይጮኽ አነሡት። "ሊቀመን..." አሉና ቆሙ።



"በየነ ነኝ" አሉ። "ምን ልርዳ?"