ስልኳ «ፎቶ» ብሎ ዝም አለ

ጉዴን ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? ዛሬ አፈርኩላችሁ።

ደብረ ታቦር፣ ዓይነ ስውራን ኮምፒውተር የሚማሩበት ክፍል ገብቼ፣ ሥራ የምትፈልገውን ዓይነ ስውር መምህርት አስካለን «ጽሑፎቼን ታነቢያለሽ?» አልኳት።

ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። የሚያነብላት ድምፅ «ፎቶ» ብሎ ዝም። ቀጣዩም «ፎቶ»።

«እትዬ፣ አንቱ ለእኔ ፎቶ ብቻ ነዎት!» ብላ ሳቀች። ለካ እንዲያምርልኝ ብዬ ጽሑፌን ፎቶ አድርጌ ነው የምለጥፈው፤ ስልኳ ደግሞ ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ አያነብላትም።

ሳቋ ግን አልቆየም። ገሳይ ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የመምህር ቅጥር ማስታወቂያውን በፎቶ ለጥፎ፣ እሷ የሰማችው ምዝገባው ካለቀ በኋላ ነው።

«ነገ ሄጄ ‹ያላነበብኩት ማስታወቂያ ጊዜው አያልፍብኝም፤ መዝግቡኝ› እላቸዋለሁ» አለችኝ።

ይህንን ፎቶ ሳላደርግ ነው የለጠፍኩት፤ በስልክ ድምፅ የምትሰሙኝ፣ እናንተስ ምን አምልጧችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ። እኔ አብሬያት ገሳይ እሄዳለሁ፤ መዘገቧትም አልመዘገቧትም፣ መልሳቸውን እንደሰማሁ እነግራችኋለሁ።