የደርበው ልጅ አንገት

የሳያትን አንገት ሁለት ሰዎች ቀጠቀጡት፤ አንዱ ቀና በይ እያለ፣ አንዱ ድፊ እያለ። እስቲ ምን ትሁን?

መቱ ላይ ደርበውን የማያውቅ የለም። ጨውና ዘይት ቸርቻሪ ነው፤ ጾም አያስታጉልም፤ ሲቆጣ ግን አይጣል ነው። ልጁን ሳያትን ያሳደጋት በሥርዓት ነው፤ ታላቅ ሲናገር አንገት ይደፋል፣ ዓይን መሬት ያያል። እንዲህ ሆና ዐሥራ ሰባት የሞላት ልጅ ናት እንግዲህ ሶር ወንዝ ረገብ ብሎ በሚሰፋበት ቦታ የጀልባ ቀዘፋ ሥልጠና የገባችው።

ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ ይቀመጣል። አሠልጣኙ ጋሼ ኪቲላ ደግሞ መሪውን ይዞ ጀልባዋ ጫፍ ላይ፣ ፊት ለፊቷ ነው የሚቀመጠው። ታላቅ ሰው! አንገቷ በራሱ ጊዜ ወረደ። ኪቲላ ከእጁ በማይለየው የቀርከሃ ዘንግ አገጯን ከሥር ጎነጣት፤ ምላሷን ነክሳ ደም ተፋች።

«መታ ኦል ቀቢ! ቀና በይ! ጭንቅላትሽ ከወረደ ወገብሽ ይጎብጣል፣ መቅዘፊያሽም ውኃ ይስታል።»

እሱም በዱላ ያደገ ነው፤ ሌላ ማስተማሪያ አያውቅም። ወር ሳይሞላ የሳያት አንገት ቀና እንዳለ ቀረ። እንደ እሷ የሚቀዝፍም ጠፋ።

ጉዱ የመጣው ቤት ነው። ደርበው ሱቁን ዘግተሽ ጠፋሽ ብሎ ሲቆጣት፣ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ሳይታወቃት እኮ ነው!

«ታፈጭብኛለሽ? በእኔ በአባትሽ?» ቀበቶውን ፈትቶ ማጅራቷን ለበለበው።

በማግስቱ ማጅራቷ አብጦ አንገቷ አልነሣ አለ። ኪቲላ ደግሞ በቀርከሃው ደገማት። «ጋሼ፣ ይተዉኝ፤ አባቴ መትቶኝ ነው» አለችው።

«ማጣሪያው ነገ ነው። ካቀረቀርሽ ለውድድሩ ጋምቤላ የምትወርደው ገለኔ ናት» አላት። ገለኔ ተጠባባቂዋ ናት። ሳያት ለዚያ ወንበር ስንት ደም ውጣለች!

በነጋው ሳያትና ሌሎቹ ቀዛፊዎች ጀልባዋ ላይ ወጥተው ዮሚፍ የሚባለው ልጅ መሪውን ሲይዝ፣ ደርበው ሽመሉን ጨብጦ ዳር ላይ ደረሰ። «ልጄን ዓይን አውጣ ያደረግሃት አንተ ነህ!» ኪቲላ ዞር ከማለቱ ሽመሉ ግንባሩን ፈነከተው። ኪቲላም የዋዛ አይደለም፤ በቀርከሃው የፊት ጥርሱን አረገፈለት። ተያይዘው ጭቃው ላይ ተንከባለሉ። ደርበው አፉ ደም እንደሞላ ተነሥቶ ውኃው ውስጥ ገባና የጀልባዋን ጠርዝ ያዘ።

«ውረጂ!»

ከማዶ የዳኛው የመነሻ ፊሽካ ተነፋ።

«አባዬ፣ ይልቀቁ።»

አልለቀቀም። መቅዘፊያዋን አንሥታ ጣቶቹ ላይ አወረደችው። ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማ።

ጀልባዋ ተፈተለከች። ቀዛፊ የሚያየው ትቶት የሚሄደውን ነው። አባቷ እስከ ጭኑ ውኃ ውስጥ ቆሟል፤ እጁን ብብቱ ሥር ሸጉጧል። ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ።

«ሳያትዬ» አላት፣ «ሰበርሽኝ እኮ።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። መሬት ላይ ብትሆን እግሩ ላይ ትወድቅ ነበር። ያበጠ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ቀዘፈች።