ከፈተና በኋላ የሚመጣው ምዕራፍ

ልጄን ጂኦግራፊ ያስተማሯት መምህር ቅጽል ስማቸው «ሙቀቱ» ነው። ምድር እየሞቀች ስለመሄዷ ደጋግመው ስለሚያስተምሩ፣ ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ሲገቡ «ሙቀቱ መጣ» ይባባላሉ፣ ሲቀሩ «ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል»። ሰውዬው ያውቃሉ፤ አይቆጡም። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ ያችን ቡናማ ኮታቸውን አያወልቁም።

እኔ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነኝ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። ስለ አየሩ ጉዳይ የማውቀው፣ ገመድ ላይ የሰቀልኩት ልብስ ከድሮው ይልቅ ቶሎ እንደሚደርቅ ብቻ ነው፤ እሱንም ደስ እያለኝ ነበር የማየው።

ልጄ ግን ከክፍል ይዛ የመጣችው ሌላ ነው፤ ውኃው ሊያልቅ፣ ምድር ልትነድ ነው የሚል ፍርሃት። መጀመሪያ ገላዋን መታጠብ ተወች፤ ውኃ ማባከን ነው አለች። ቀጥሎ የምትጠጣውን ቀነሰች። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ከሥራ ስመለስ በረኪና የበላውን እጄን እያየች፣ የሆስፒታሉ ማሽን በቀን ስንት በርሜል ውኃ እንደሚጨርስ ትጠይቀኛለች፣ ሌባ እንደምትመረምር። አክስቷ የጉርምስና ነው ያልፋል አለች። ጎረቤቴ ደግሞ ፍቅር ይዟት ይሆናል፣ ስልኳን ፈትሺ አለችኝ። አንድ ቀን ጠዋት ዩኒፎርሟን አጣጥፋ አልጋዬ ላይ አስቀመጠች።

«ለሌላ ልጅ ስጪው» አለችኝ። «እማዬ፣ ይህ ሁሉ እንደሚመጣ እያወቅሽ ነው የወለድሽኝ?»

ዩኒፎርሙን አንስቼ ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት።

ከሥራ አስፈቅጄ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ልጣላ ነበር የሄድኩት። መምህሩ የጠመኔውን ብናኝ ከእጃቸው እያራገፉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። አባታቸው የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። ውኃው በየዓመቱ ወደ ታች ሲሸሽ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ለልጆቹ ለከርሞ ይመለሳል ይሏቸው ነበር። አልተመለሰም። አባትየው ውኃውን ሲያሳድዱ አንድ ቀን አፈሩ ተደረመሰባቸው። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ እንደተደፋ ጥራጥሬ ተበታተነ።

«ልጅ ላልዋሽ ያኔ ለራሴ ማልኩ» አሉኝ። «አለመዋሸት ብቻውን የሚበቃ መስሎኝ ነበር።»

በማግስቱ ከሰዓት ቤታችን መጡ። ልጄ ከአልጋዋ አልተነሳችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ቀረች። እሳቸው በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀመጡ። ቀድማ የተናገረችው ልጄ ናት።

«ቲቸር፣ እርስዎ አይፈሩም?»

«እፈራለሁ።»

«ታዲያ እየፈሩ ኮትዎን ግጥም አድርገው የሚመጡት እንዴት ነው?»

«ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ተቀዶ ነው።»

ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁም። ከዚያ መምህሩ፣ መጽሐፉ እሷ በምታውቀው ቦታ ላይ እንደማያልቅ ነገሯት። ሰዎች በየአገሩ ምን እየሠሩ እንደሆነ፣ ምን ማትረፍ እንደሚቻል የሚናገር ምዕራፍ አለ። ግን የሚመጣው ከፈተና በኋላ ነው፤ ፈተና ላይ ስለማይወጣም ማንም አይደርስበትም። እሳቸውም በየዓመቱ ጥፋቱን አስተምረው፣ በጥፋቱ ፈትነው፣ መጽሐፉን ሰብስበው ልጆቹን ያሰናብታሉ።

ልጄ ዞረች። «ታዲያ እዚያ ላይ ለምን ያቆሙናል?»

መምህሩ ከኮታቸው ሥር መጽሐፉን አውጥተው፣ ያን ምዕራፍ ገልጠው አልጋዋ ላይ አኖሩላት። ልጄ ውኃ እንድሰጣት ጠየቀችኝ፣ ብርጭቆውንም እስከ ጭላጩ ጠጣች። ሳምንት ሳይሞላ ዩኒፎርሟን መልሳ ለበሰች።

መምህሩ ከዚያ ወዲህ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቀድመው ማስተማር ጀመሩ። ከባድ ነገር ያስተማሩ ቀን ደግሞ ደወል ሲደወል አይወጡም፤ የፈራ ልጅ ቀርቶ ያናግራቸዋል፣ መናገር ያልፈለገም ዝም ብሎ አብሯቸው ይቀመጣል። ባልደረቦቻቸው አስተማሪ ነህ ሞግዚት እያሉ ይተርቧቸው ነበር። ልጄ ያን ጊዜ ውኃዋን ትጠጣ ነበር፤ ገላዋንም ትታጠብ ነበር።

ፈተናው ሲመጣ ጥያቄው ሁሉ የወጣው እሳቸው የመጨረሻውን ለማስቀደም ሲሉ ካሳጠሩት የመጽሐፉ ክፍል ሆነ። የልጆቹ ውጤት ወረደ። ወላጆች ተሰብስበው ጮኹ። እኔም እጄን አውጥቼ የልጄን ነገር ተናገርኩ። ርዕሰ መምህሯ አመሰገነችኝና ወደሚቀጥለው ወላጅ አለፈች። መምህሩን ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯቸው፤ አሁን የተሰበሩ ወንበሮች ይጠብቃሉ። በቦታቸው አንድ ጎበዝ ወጣት ተተካ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ፣ በቅደም ተከተሉ፣ ወደ ፈተናው እየገሰገሰ ነው።

ልጄ በእረፍት ሰዓት ከጥቂት ልጆች ጋር ግምጃ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። ውስጡ ብርድ ነው፣ የቲቸር ኮት ገና አሁን ሥራ አገኘ አለችኝ፤ ስትነግረኝ አልሳቀችም። ዘበኛው ልጆቹን እንዲያባርር ታዟል፤ አንዳንዴ ያባርራቸዋል፣ አንዳንዴ አላየሁም ይላል።

እኔ ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው ብርጭቆዋን ነው። ትናንት እስከ ግማሽ ጠጥታ ነበር። ዛሬ፣ ጠዋት ስወጣ የሞላሁትን ምንም ሳይጎድል አገኘሁት።