ሲዲው የኔ ነበር

«አንቺ አፍሽ ይመራል እንጂ ውሸት አታውቂም» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ይህን ሁለት ጊዜ ብለውኛል። አንዴ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ቃሊቲ የቤታችን በር ላይ ቆመው። ሌላው ባለፈው ወር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ፣ ውሃ ጠፍቶ ጄሪካን ተሸክመን ስንወጣ። የመጀመሪያው ቀን ዋሸኋቸው። ሁለተኛው ቀን ዝም አልኩ። ለምን እንደዋሸሁና ለምን ዝም እንዳልኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም አልነገርኩ፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩ። ለንስሐ አባቴ የምነግራቸው ሌላ ሌላውን ነው፤ ሐሜት፣ ጾም መግደፍ፣ እንዲህ ያለውን። ይሄኛውን ለእናንተ እጽፈዋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፣ ቀኖናም አትሰጡኝም።

ስሜ ትዕግስት ነው። ያወጣልኝ ሰው አልቀናውም። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አልችልም፤ የመጣልኝንም ሳላላምጥ እተፋዋለሁ። አዲስ ልብስ ለብሶ «እንዴት ነው?» ላለኝ ሰው፣ ካላማረበት አላማረብህም እላለሁ። ሰፈር ውስጥ የምታወቀው በዚህ ነው። ሰው አይወደኝም ይሆናል እንጂ ያምነኛል። ይህን ያዙልኝ፤ ጥፋቴ ያለ እሱ አይሰራም ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከሲዲ ነው። ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ወደ ዋናው መንገድ በሚያወጣው በኩል ሙደሲር የሚባል የስልጤ ልጅ ሲዲ ቤት ነበረው። ከመርካቶ በጅምላ ከሚያመጣው መሃል አንድ ቀን የማያውቀው የፈረንጅ ሲዲ ተቀላቅሎ መጣበት። ከፍቶ ሞከረው።

«ወላሂ ይሄ ዘፈን አይደለም፤ ብረታ ብረት ፋብሪካ ነው» አለኝ። «ደንበኛ አባረረብኝ። ውሰጂልኝ፣ ልገላገል።»

ወሰድኩት። እኔ ነኝ የወሰድኩት። እኔ ነኝ ለሰብለ ያሰማኋት። ሰብለ የእትዬ አስካለ ልጅ ናት፤ የክፍሌም የልቤም ጓደኛ ነበረች። ቤይሩት ያለች አክስቷ የላከችላት የሲዲ ዎክማን ነበራት። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ባቡር የማይመጣበት ሐዲድ ላይ ተቀምጠን፣ ማዳመጫውን አንድ ጆሮ ለሷ አንድ ጆሮ ለኔ አድርገን እንሰማው ነበር።

ቢያንስ ስለ ሲዲው አልዋሽ። ግማሹ አይረባም። ዘፋኙ ልጅ በአፍንጫው ነው የሚዘፍነው። ሁሉም ዘፈን ሲሮጥ ይጀምርና ሲሮጥ ያልቃል፤ አንዱን ካንዱ መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ግጥሙን በመዝገበ ቃላት እየፈታን ስናየው ደግሞ፣ የራሱ ክፍልና የራሱ በር ያለው ልጅ በሩን ጠርቅሞ ማንም አይረዳኝም እያለ ያለቅሳል። እኔ ከእህቶቼ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የምተኛው። የምጠረቅመው በር አልነበረኝም። እሱ ቢያለቅስ እኔን ምን አገባኝ? ግን አዝማቹ ሲደርስ፣ ጊታሮቹ ተደራርበው ሲነሱ፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ብድግ ይል ነበር። እየናቅሁት እወደው ነበር፣ በመውደዴም አፍር ነበር።

ሰብለ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረባትም። ዝም ብላ ወደደችው።

«ያለቅሳል፣ ግን አይለምንም» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሐዲዱ ላይ።

እኔ አፈኛዋ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶልኝ አያውቅም። ቀንቼባት ይሆን? ቀንቼ ነበር። እዚህ ድረስ መጥቼ ይህንን አልደብቅም።

በትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት ማይክ ይዤ ማስታወቂያ አነባለሁ፣ ሙዚቃ እጋብዛለሁ። ባንዲራው አጠገብ የተሰቀለው ሞንታርቦ ድምፃችንን ግቢውን አሳልፎ ውጪ አጥሩ ሥር ላሉት ጉልቶች ያደርሰው ነበር። እትዬ አስካለ ከነዚያ ጉልቶች በአንዱ ላይ ሽንኩርትና ድንች ይሸጡ ነበር።

ሲዲውን ለተማሪው ላስተዋውቅ አሰብኩ። የጻፍኩት በሙሉ ውዳሴ ነበር፤ የሰብለን ቃልም የራሴ አስመስዬ አስገብቼበታለሁ። መጀመሪያ የምወደውን ዘፈን ከፈትኩ። ያ አሮጌ ሞንታርቦ ጊታሩን እንደሚጎተት ቆርቆሮ አድርጎ አወጣው። ግቢው ጩኸት ሆነ።

«ኧረ ዝጉት!»

«ሰይጣን ለቀቁብን እንዴ!»

«የምን ፋራ ነው ማይኩን የያዘው?»

አንዱ ልጅ ሜዳው ላይ ወድቆ ጠበል ሲነካው እንደሚለፈልፍ ሰው ይንፈራገጥ ጀመር። ሁሉንም በመስኮት አያለሁ። ሰብለንም አያታለሁ፤ ዛፉ ሥር ቆማ ውዳሴዬን ትጠብቃለች። ወረቀቱን አጠፍኩትና ማይኩን ከፈትኩ።

«ተማሪዎች፣ ይህን ዘፈን የመረጠችላችሁ የክፍላችን ልጅ ሰብለ ናት» አልኩ። «ቀንም ሌትም የምትሰማው ይሄንኑ ነው። ቤተሰቦቿ የምትሰሙን ከሆነ፣ እባካችሁ ሳይብስባት ጠበል አድርሱልን።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እንዲያ ያለ ሙድ ይዤ አላውቅም። ሰብለም ከንፈሯን ለሳቅ ያህል አንቀሳቀሰች። እኔ ደግሞ ሞቀኝ። ማፈር ሲገባኝ ሞቀኝ።

ይህ ግን ኑዛዜዬ አይደለም። ይህንን ሁሉም ሰው ሰምቶታል።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ እትዬ አስካለ ቤታችን መጡ። የጉልት ሽርጣቸውን እንኳን አልፈቱም ነበር። አልገባም ብለው በር ላይ ቆሙ። ሰብለ በአስረኛ ክፍል ፈተና ጭንቀት ሰሞኑን ምግብ ትታለች፤ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንባ በማያውቁት ቋንቋ ታንጎራጉራለች። ጎረቤት «ልጅቷን የነካት ነገር አለ» እያለ ልባቸውን ሲያርደው ነው የከረመው። በዚያ ላይ የኔ ሞንታርቦ ተጨመረበት።

«ትዕግስትዬ፣ ያ ነገር የማን ነው?» አሉኝ። «ያንቺ ነው በይኝ፤ አልቆጣሽም። አንቺም የምትሰሚው ከሆነ ዘፈን ነው ማለት ነው፤ የልጅ ነገር ነው ብዬ እተወዋለሁ። እሷ ብቻዋን ያመጣችው ከሆነ ግን ሌላ ነው። አንቺ አፍሽ ይመራል እንጂ ውሸት አታውቂም። ንገሪኝ።»

ተረዱልኝ፤ እሳቸው የመጡት «የሷ አይደለም» እንድላቸው ነው። ሴትዮዋ «አይደለም» የምትል አንዲት ቃል ሊለምኑኝ ነው የመጡት። እናቴ ከኋላዬ ቆማለች። ሲዲው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነው።

«እኔ ሰምቼው አላውቅም» አልኩ። «የራሷ ነው። ብቻዋን ስትሰማው ታለቅሳለች።»

የመጨረሻው እውነት ነበር። ውሸቱን እውነት ያስመሰለውም እሱ ነው። ሰብለ አንዳንዴ ስትሰማው ታለቅስ ነበር፤ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። የኔን ትቼ የሷን ብቻ ተናገርኩ።

እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁና «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። አመሰገኑኝ!

በማግስቱ ሰብለን ወደ አገራቸው፣ ሩቅ ያለ ጠበል ቦታ ወሰዷት። ጠበሉን አልወቅስም፤ ብዙ ሰው ድኖበታል፤ እኔም እጠመቃለሁ። ያልታመመን ሰው ታሟል ብሎ የላከ ግን እሱ የሚወቀስ ነው። እኔ ነኝ። ሰብለ በየማለዳው በረዶ በመሰለ ውሃ ውስጥ ቆማ «ልቀቅ» ስትባል፣ የሚለቃት ነገር አልነበረም። ሳይለቅ ደግሞ አይመለሱም። ፈተናው ደረሰ። የሷ ቦታ ከኔ ፊት ነበር፤ ባዶውን ወንበር ፊቴ አድርጌ ተፈተንኩና አለፍኩ።

እስቲ ይሄን ደግሞ ስሙ። እሷ ጠበል ላይ እያለች ሲዲው ሰፈሩን ወረረው። በሞንታርቦ የተሰደበ ነገር ነውና ሁሉም ሊሰማው ፈለገ። ሙደሲር ከኔ ተውሶ አባዛው። «ወላሂ፣ ብረታ ብረቱ እንጀራ ሆነኝ» እያለ ይስቃል። ግማሹ ሰው አሁንም ጆሮውን ይይዛል፤ ግማሹ ያብዳል። ሜዳው ላይ ሲንፈራገጥ የነበረው ልጅ ታክሲ ውስጥ አዝማቹን ከነስህተቱ ሲጮህ በጆሮዬ ሰማሁት። አንድም ሰው እሱን ጠበል አልወሰደውም።

ሰብለ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተመለሰች። ሌላ ሰው ሆና ነበር። ድጋሚ መፈተን አልፈለገችም። በዚያው ዓመት ከእናቷ ቤት ወጥታ ለብቻዋ መኖር ጀመረች። እኔን ግን አላኮረፈችኝም።

«ያንቺ ቀልድ ነው፣ ትቼዋለሁ» አለችኝ። «እናቴ ናት በማይክራፎን የሰማችውን ይዛ የወሰደችኝ። አንድ ሰው እንኳን ሳትጠይቅ።»

ትንሹን ጥፋቴን ይቅር ስትለኝ ትልቁን ከሥሩ ደበቅኩት። ሰብለና እናቷ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ስንት ፋሲካ እንዳለፈ አልቆጠርኩም። ልጅ ነበርኩ ልበል? ሰብለም ልጅ ነበረች። ፈራሁ ልበል? ምን ይሆነኝ ነበር፣ አንድ ቁጣ፣ ቢበዛ አንድ አለንጋ። ከሁሉም የሚከፋው ረስቼው መኖሬ ነው። ስራ ያዝኩ፣ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ሆንኩ፣ ቱሉ ዲምቱ አንድ ክፍል ተከራየሁ። እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። ሲዲውን ስልኬ ላይ ጭኜ ታክሲ ውስጥ እሰማው ነበር።

እትዬ አስካለ እኔ ያለሁበት ብሎክ መጡ። ወንድ ልጃቸው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ከሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ውሃ የጠፋ ዕለት ደረጃው ላይ ጄሪካናቸውን ስቀበላቸው ቆም አሉና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሰብለን ታገኛታለሽ? ደህና ናት?» አሉኝ። «እኔን አታናግረኝም፤ ምን ላድርግ። ያኔ አንቺን ጠይቄ እርግጡን ባላውቅ ኖሮ አልወስዳትም ነበር። ዝም ብዬ አልነበረም። አንቺ አፍሽ ይመራል እንጂ ውሸት አታውቂም።»

ጄሪካኑን በራቸው ላይ አስቀምጬ ወረድኩ።

ሰብለ ማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ካሉት የጠያቂ ኪዮስኮች በአንዱ ትሰራለች። ጠያቂ ስልክ ይዞ አይገባም፤ ስልኩን እሷ ጋ አስቀምጦ ቁጥር ይቀበላል፣ ሲወጣ ቁጥሩን ሰጥቶ ስልኩን ይወስዳል። ቅዳሜ ሄድኩ። ወረፋ ነበር፤ ተሰለፍኩ። ቀና ሳትል እጇን ዘረጋች፤ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ስልኬን ሰጥቼ ቁጥር ተቀበልኩ።

«ትዕግስት! ማንን ልትጠይቂ ነው?»

«አንቺን።»

«እኔማ ውጪ ነኝ» ብላ ሳቀች።

«ሲዲው የኔ ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ እኮ። ምን ሆነሻል?»

«እናትሽ አያውቁም። የዚያን ዕለት ቤታችን መጥተው ጠይቀውኝ ነበር። ያንቺ ነው በይኝ ብለው ለመኑኝ። የሷ ነው አልኳቸው። ሰምቼውም አላውቅም አልኩ።»

አንድ ሽማግሌ ከማረሚያ ቤቱ ወጥተው ቁጥራቸውን አቀበሏት። ስልክ ሰጠቻቸው። አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ የኔ አይደለም» አሏት። ተቀብላ የሳቸውን ፈለገች። ጣቶቿ ስልኮቹ የተቀመጡባቸው ከረጢቶች ላይ ብዙ ቆዩ። ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ወደኔ ዞረች።

«ምን ብላ ነው የጠየቀችሽ? ቃል በቃል ንገሪኝ።»

ነገርኳት። የልጅ ነገር ነው ብዬ እተወዋለሁ ያሉትንም፣ ሽርጣቸውን እንኳን እንዳልፈቱም፣ አሁን እኔ ያለሁበት ብሎክ እንደሚኖሩም ነገርኳት።

«ጠይቃለች ማለት ነው» አለች፣ ለራሷ።

«ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም።»

«አትለምኚኝ።» ከረጢቶቹን እያስተካከለች፣ «ሲዲውን አሁንም ትሰሚዋለሽ?»

«ጥቂቱን። ግማሹ አይረባም።»

«እኔ ጊታር በሰማሁ ቁጥር ውሃው ይበርደኛል» አለች።

ከኋላዬ ያለችው ሴት በክርኗ ገፋችኝ። ሰብለ እጇን ዘረጋች። ቁጥሩን ሰጠኋት፣ ስልኬን አምጥታ መስኮቱ ላይ አኖረችው፤ እጇን ግን ከላዩ አላነሳችም።

«እናቴ ብሎክ ስንት ናት?»

ነገርኳት።

«ስንተኛ ፎቅ?»

«አራተኛ። ስትወጪ በግራ በኩል ያለው በር።»

እጇን አነሳች። «ተረኛ» አለች። ስልኬን ይዤ ወደ ታክሲ ተራው ሄድኩ።