እኩል ውሃ ጠጥቶ የሚጠወልገው ረድፍ

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁበትን ዕለት በትክክል አላስታውሰውም፤ ዓመቱም ይምታታብኛል። ብቻ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የተከልሁት ቲማቲም አበባ ይዞ ነበር። ወንድሜ ሰይድ ሻንጣዬን መኪና ላይ እየጫነ፣ «አያ ይማም፣ ለቲማቲሙ አታስብ፣ እኔ አለሁለት» አለኝ። ያኔውኑ ቀናሁበት።

ልጄ ዘሀራ ሆላንድ ወሰደችኝ፤ ሥራም እሷው አገኘችልኝ፦ መስታወት ቤት ውስጥ ቲማቲም ማጠጣት። ፀሐዩ መብራት፣ ዝናቡ ቱቦ ነው። ቅጠሉ እንኳ እንደ አገሬው አይሸትም። ቢሆንም የአማቼን እጅ ከማየት አወጣኝ።

አንዱ ረድፍ የኔ፣ ፊት ለፊቱ ያለው የአንድ ጺማም ፖላንዳዊ ነበር። የሱ ቀጥ ብሎ ሲውል የኔ ረፋድ ላይ ይጠወልጋል። የምንሰጠው ውሃ እኮ እኩል ነው!

«ፓፓ፣ የኔን አየኸው?» ይለኛል በተሰባበረ ሆላንድኛ፣ ቅጠሉን እየዳበሰ።

«አየሁት፤ ዐይኔ ደህና ነው።»

ውስጤ ግን ይቃጠላል። ዕድሜዬን ሙሉ አፈር ገፍቼ በቲማቲም ልበለጥ? አንድ ቀን ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ለኔዎቹ አንዳንድ ጣሳ ደገምሁላቸው። በመስኖ ተራ የጎረቤትን ቦይ ሰርቆ እንደመስበር መሆኑ ነው።

ለካስ ተክሎቹ ያሉባቸው ማሰሮዎች ጧት ጧት ይመዘናሉ። ቲማቲሙን የምታጠናው ተመራማሪ አኔ ሚዛኑን አይታ ጠራችን።

«ማነው ያጠጣው?»

«እኔ ነኝ። ተጠምተው ነበር።»

«ውሃ አይደለም የጎደላቸው! ሚውታንት ናቸው!»

ዘሀራ በስልክ ተረጎመችልኝ። ተክል ድርቅ ሲመጣበት ከራሱ ሆርሞን ይሠራል፤ ሆርሞኑ የቅጠሉን ጥቃቅን አፎች ይዘጋል፣ ውሃውም ይተርፋል። የኔዎቹ ግን ሆርሞኑን የሚያሠራው ጂን ከዘራቸው የተበላሸ ነው። አፋቸው ተከፍቶ ይውላል፤ የሐይቅን ውሃ ብደፋባቸውም አይቆሙም። ሆርሞኑ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠናው መሥራት ካቃታቸው ተክሎች ነው አሉ። እኔ ደግሞ የሳምንታት ልፋት አበላሽቻለሁ።

«ልናሰናብትህ ነው» አለች አኔ። የአማቼ ሶፋ ታየኝ።

ፖላንዳዊው ጆሮው ቀልቶ ወደ ፊት ወጣ። «ጥፋቱ የኔም ነው። እንደሚለያዩ አውቅ ነበር። ሲቀናብኝ ደስ ስለሚለኝ አልነገርሁትም። እንደገና እንጀምረው፤ በእረፍት ቀኔ እየመጣሁ አግዘዋለሁ።»

አኔ ሁለታችንንም አየችና ሳቋ መጣ። ቀረሁ።

ትናንት ሰይድ ደወለ። «አያ፣ ዝናቡ ዘግይቶ እንኳ የዘንድሮው ቲማቲምህ ቀጥ ብሏል።»

«አልሐምዱሊላህ» አልሁ። አሁንም ቀናሁ።

ስልኩን ስዘጋ ያ ጺማም ሰውዬ ሻይ ይዞልኝ ቆሟል፤ ስለ ሰይድና ስለ ቲማቲሙ ነግሬው ነበር። «ወንድምህ ነው? የሱ ይበልጣል?»

«ይበልጣል» አልሁት፤ ለልጄም እንኳ አምኜ ያልተናገርሁትን።

ማሬክ ይባላል።